መሪው እንቢ ሲል፦ ስለ ትልልቅ የሪሞት መኪኖች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፦ በቱቦላሬና በላሜራ የተሠራ፣ ክብደቱ ከ20 ኪሎ የሚጀምርና በሪሞት የሚነዳ መኪና መሪ። በመጫወቻ መኪና ላይ ማንም የማያስተውላት ጉድለት በዚህ ክብደት ላይ የሰርቮ (በሪሞት ታዞ መሪውን የሚያዞር ባለ ጥርስ ትንሽ ሞተር) ጥርስ ታረግፋለች፣ ሽቦ ታቃጥላለች። ስለዚህ መልሶቻችን ረዘም ብለዋል።

ከለገጣፎ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአይሱዙ ቅርጽ ያለው የጭነት መኪና ሠርቻለሁ። አጠቃላይ ክብደቱ 40 ኪሎ ሲሆን 18ቱ ኪሎ የሚያርፈው ከፊት ነው። የጎማው ስፋት 8 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 26 ሴ.ሜ ነው። የመዞሪያው ፔርኖ (ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ) ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ከጎማው መሐል 6 ሴ.ሜ ይርቃል። “35 ኪሎ” የሚል ሰርቮ ገጥሜበታለሁ። መኪናው እየሄደ ይታጠፋል፤ ቆሞ ግን ሰርቮው ያጓራል እንጂ ጎማውን አያዞርም። ጥርሱም ረግፏል። 150 ኪሎ የሚለውን ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። በሰርቮ ላይ የሚጻፈው “35 ኪሎ” ከዘንጉ መሐል በ1 ሴ.ሜ ርቀት ላይ የሚጎትተው ክብደት ነው፤ ያውም መዞር አቅቶት ሊቆም ሲል የሚሰጠው የመጨረሻ ጉልበት። ክንዱ 2.5 ሴ.ሜ ከሆነ በጫፉ ላይ የሚቀረው 14 ኪሎ ብቻ ነው። ሳይግል ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ ከተጻፈው ግማሽ ያህሉን ብቻ ማሰቡ ይሻላል።

አሁን ጎማው የሚጠይቀውን እናስላ። ቆሞ የሚዞር ጎማ መሬቱ ላይ ይፈጫል። ከፊት የሚያርፈውን ክብደት በ0.8 ያባዙ፤ ይህ በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው የፍትጊያ መጠን ነው። የእርስዎ 18 × 0.8 = 14.4 ይሆናል። ቀጥሎ የጎማውን ስፋት በራሱ አባዝተው ለ8 ያካፍሉ፦ 64 ለ8 ሲካፈል 8። ከፔርኖው እስከ ጎማው መሐል መሬት ላይ ያለውን ርቀት በራሱ አባዝተው ይደምሩበት፦ 36 ሲደመር 44 ይሆናል። የ44 ስኩዌር ሩት 6.6 ነው። 14.4 × 6.6 ደግሞ 95። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ባሉበት ለማዞር በ1 ሴ.ሜ የሚለካ 95 ኪሎ ጉልበት ያስፈልጋል ማለት ነው። 35ቱ ቢያጓራ አይፈረድበትም።

ከዚህ ስሌት ውስጥ እንደልብ ሊቀየር የሚችለው ያ 6 ሴ.ሜ ነው። ወደ 2 ሴ.ሜ ቢያወርዱት ድምሩ 12፣ ስኩዌር ሩቱ 3.5፣ ውጤቱ 50 ይሆናል። ሰርቮው ሳይነካ ሸክሙ በግማሽ ገደማ ቀለለ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፔርኖውን ከላይ ወደ ውስጥ በ10 ዲግሪ ያጋድሉት። የጎማዎ ሬዲየስ 13 ሴ.ሜ ስለሆነ የፔርኖው መስመር መሬት የሚነካበት ነጥብ በ2.3 ሴ.ሜ ወደ ጎማው ይጠጋል፤ 6ቱ ሴ.ሜ ወደ 3.7 ወረደ። የቀረውን 1.7 ሴ.ሜ ጎማው የሚታሰርበትን ፍላንጅ ቶርኖ ቤት አስቆርጠው ጎማውን ወደ ውስጥ በማስጠጋት ያገኙታል። እስከ ዜሮ ግን አይውረዱ። 1 ወይም 2 ሴ.ሜ ሲቀር ጎማው ባለበት ከመፈጨት ይልቅ ትንሽ እየተንከባለለ ይዞራል።

ከዚያ ወደ ክንዶቹ ይምጡ። በሰርቮው ላይ 2.5 ሴ.ሜ፣ በጎማው መዞሪያ ላይ 5 ሴ.ሜ ክንድ ካደረጉ ሰርቮው የሚሸከመው የ50ን ግማሽ፣ 25 ነው፤ በየመገጣጠሚያው የሚባክነው ተጨምሮበት 30 ይሁን። ዋጋው የሚከፈለው በጉዞ ነው፦ ጎማው 25 ዲግሪ እንዲዞር ሰርቮው ከመሐል ወደ እያንዳንዱ ጎን 58 ዲግሪ ያህል መሄድ አለበት። ስለዚህ ሲገዙ 180 ዲግሪ የሚዞረውን ይጠይቁ፤ በሪሞቱም ላይ የጉዞውን ገደብ ያስተካክሉ። በዚህ ሁኔታ 60 ኪሎ የሚለው ሰርቮ በቂ ነው።

አዲስ ሰርቮ ከመግጠምዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። የሰርቮውን ዘንግ ፈትተው በመዞሪያው ክንድ ላይ ከፔርኖው 10 ሴ.ሜ በሚርቅ ነጥብ የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን አንጠልጥለው ይጎትቱ። ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ሚዛኑ ከግማሽ ኪሎ በላይ ካሳየ የሚታገልዎ መሬቱ ሳይሆን ፔርኖው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ጥርስ የወጣለት ቡሎን በተቦረቦረ ብረት ውስጥ መግባቱ ነው፤ ጥርሱ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ባለ 12 ሚ.ሜ፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቡሎን ይፈልጉ፤ ጥርስ ያልወጣለት አካሉ ረጅም የሆነውን። ከነሐስ ቡሽ ጋር ይግጠሙት፤ ክብደቱን የሚሸከም ቁጥር 51201 ኩሽኔታ ከሥሩ ያስገቡ። ይህ ኩሽኔታ ውስጡ 12፣ ውጭው 28፣ ውፍረቱ 11 ሚ.ሜ ነው። ቡሹ የሚገባበት ቀዳዳ ከብየዳ በኋላ ይጠባል፣ ይጣመማልም። ስለዚህ መጀመሪያ ይበየድ፣ ቀዳዳው በመጨረሻ ይስተካከል።

ጥርሱ የረገፈው ግን በክብደት ብቻ አይመስለንም። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ሰርቮው ጥርስ ይሄዳል። ከሰርቮው ወደ መዞሪያው የሚሄደውን ዘንግ ለሁለት ከፍለው አንዱን በቱቦ ውስጥ እንዲንሸራተት ያድርጉ፤ ግራና ቀኝ ሞላ ያስገቡበት። መደበኛው ግፊት 10 ኪሎ ስለሆነ (50 ለ5 ሴ.ሜ ሲካፈል) ሞላው እስከ 14 ኪሎ ድረስ ሳይነቃነቅ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን እንዲሸሽ አጥብቀው ያስሩት። ልል ሞላ መሪውን ያዘገየዋል፤ በጣም የጠበቀ ሞላ ከሌለ አይለይም።

ከሰበታ

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና በቀላሉ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ይንሸራተታል፣ ጠርዙም አልቋል። ከፊት እስከ ኋላ አክስል 90 ሴ.ሜ፣ በሁለቱ ፔርኖዎች መካከል 50 ሴ.ሜ ነው። የመዞሪያ ክንዶቹ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ የሄዱ ሲሆኑ ርዝመታቸው 10 ሴ.ሜ ነው።

መልስ፦ ችግሩ “ቀጥ ብለው” ያሉት ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ የሚዞርበት ክብ ከውጭኛው ያንሳል፤ ስለዚህ ይበልጥ መታጠፍ አለበት። በእርስዎ መለኪያ የውስጠኛው 30 ዲግሪ ሲሆን የውጭኛው 23.6 መሆን ነበረበት። ክንዶቹ ቀጥ ካሉ ሁለቱም እኩል 30 ይዞራሉ፤ ከ6 ዲግሪ በላይ የሆነውን ልዩነት ጎማው በመፋቅ ይከፍለዋል።

ወለል ላይ በኖራ በእውነተኛው መጠን ይሣሉት። ከእያንዳንዱ ፔርኖ ወደ ኋላው አክስል መሐል ክር ይወጥሩ፤ ክንዱ በክሩ ላይ ይተኛ። በእርስዎ መኪና ክሩ ከቀጥታው 15.5 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያጋድላል። የ10 ሴ.ሜው ክንድ ጫፍ 2.7 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ታይሮዱ (ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው ዘንግ) ከቴስቲና (በጫፉ ካለው ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ) መሐል እስከ ቴስቲና መሐል 44.7 ሴ.ሜ ይሆናል። በዚህ አሠራር የውስጠኛው 30 ሲዞር የውጭኛው 25 ገደማ ይዞራል። ከ23.6ቱ ጋር ፍጹም ባይገጥምም በዚህ መጠን ላለ መኪና ጎማ አይጨርስም። ይበልጥ ማጥበብ ከፈለጉ ክሩን ከኋላ አክስሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ባለ ነጥብ ላይ ያሳርፉት።

ታይሮዱን ከአክስሉ ፊት ለማድረግ ያሰቡ አንባቢዎችም አሉ። ያኔ ክንዶቹ በተቃራኒው ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፤ የሚከፈቱት ደግሞ ወደ ቸርኬው ነው፣ ቦታ የለም። ሞተሩ ወይም ሌላ ነገር ካላስገደደ ከኋላ ይሁን።

የቴስቲናዎቹን ነገር እንጨምር። ለዚህ ክብደት ባለ 8 ሚ.ሜ ቡሎን ቴስቲና በቂ ነው። አንዱ ጫፍ የግራ፣ ሌላው የቀኝ ጥርስ ቢሆን ዘንጉን ብቻ በማዞር ርዝመቱ ይስተካከላል። የግራ ጥርስ ካላገኙ ሁለቱም የቀኝ ይሁኑ፤ ለማስተካከል አንዱን ፈትተው በግማሽ ዙር እየለኩ ይመልሱ። ጥርሱ ባለ 1.25 ሚ.ሜ ከሆነ ግማሽ ዙር 0.6 ሚ.ሜ ያህል ይሰጣል። በመጨረሻም የጎማዎቹ ፊት ከኋላቸው በ2 ወይም 3 ሚ.ሜ ይጥበብ። የኋላ ጎማ ሲገፋ የፊቶቹ ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚከፈቱ በጉዞ ላይ ቀጥ ይላሉ።

ከቡራዩ

ጥያቄ፦ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ነን። 55 ኪሎ ለሚሆን መኪና ትልቅ ሰርቮ መግዛት አልቻልንም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባለ 12 ቮልት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) እና ቢቲኤስ 7960 የሚባል የሞተር መንጃ ሰሌዳ አለን። ይሆናል? አንድ ጊዜ ሞክረን ፊውዝ ተቃጠለብን።

መልስ፦ ይሆናል፤ ለዚህ ክብደት ጥሩ ምርጫ ነው እንላለን። የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበት ይሰጣል፤ በ1 ሴ.ሜ ሲለካ ከ100 ኪሎ በላይ ማግኘት አያዳግትም። ጎማው ወደ ኋላ ሊያዞረውም አይችልም፤ ስለዚህ መሪው ባለበት ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይበላም። ፍጥነቱም ይበቃል። በዝግተኛው ማርሽ በደቂቃ 40 ዙር ከዞረ በሰከንድ 240 ዲግሪ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 120 ዲግሪ ቢያስፈልጋችሁ በግማሽ ሰከንድ ይደርሳል።

ፊውዙን ያቃጠለው ምን እንደሆነ እንገምታለን። በብዙ የመጥረጊያ ሞተሮች አንደኛው የካርቦን ሽቦ ከሞተሩ ቀፎ ጋር የተገናኘ ነው፤ መኪና ላይ ቀፎው ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ አይከፋም። እናንተ ግን ሞተሩን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ታዞራላችሁ። አቅጣጫው ሲቀየር ቀፎው ፖዘቲቭ ይሆናል። ቻሲው ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተያያዘ በቀፎው በኩል ሾርት ይፈጠራል። በመልቲሜትር አንዱን ጫፍ ቀፎው ላይ፣ ሌላውን በየሽቦው ላይ አድርጉ። ወደ ዜሮ ኦም የቀረበ ንባብ ካያችሁ ሞተሩ እንደዚያ ነው። ቡሎኖቹን በፕላስቲክ ቱቦና ሮንዴላ ከቻሲው ለዩ። ዘንጉም ከቀፎው ጋር ስለሚነካካ በእሱ ላይ የሚታሰረው ክንድ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ቴፍሎን ይሁን። ይህን የረሳ ሰው ቀፎውን ለይቶ በታይሮዱ በኩል መልሶ ያገናኘዋል።

ሞተሩ ሦስት ዋና ሽቦዎች አሉት፦ ዝግተኛ፣ ፈጣንና የጋራ። ዝግተኛውንና የጋራውን ብቻ ተጠቀሙ። መጥረጊያው ቦታው ሲደርስ የሚያቆመው ማብሪያ ሽቦዎችም ይኖራሉ፤ ጫፋቸውን በቴፕ ሸፍናችሁ ተዉአቸው።

ሞተሩ የት እንዳለ የሚታወቀው በፖቴንሺዮሜትር (ዘንጉ ሲዞር የሚሰጠው ቮልቴጅ የሚቀየር ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ነው። 10 ኪሎ ኦም፣ ጭማሪው እኩል የሆነውን ግዙ፤ ፊደሉ ብዙውን ጊዜ “ቢ” ነው። “ኤ” የሚለው ለድምፅ የተሠራ ስለሆነ መሪው አንድ ወገን ላይ ይፈጥናል፣ ሌላው ላይ ይንቀረፈፋል። ሁለቱ ዳር እግሮች ከ5 ቮልትና ከኔጌቲቭ፣ መሐለኛው ከአርዱዊኖው የአናሎግ መግቢያ ጋር ይያያዝ። የሚገጠመው በሞተሩ ዘንግ ላይ እንጂ ለለገጣፎው አንባቢ ከነገርነው የዘንግ ሞላ ማዶ ጎማው ላይ አይሁን። ጎማው ላይ ከሆነ ሞላው በተነፋና በተጨመቀ ቁጥር ሞተሩ ሊያስተካክል ይሮጣል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል። የእናንተ ሞተር ሞላ የግድ ያስፈልገዋል። ወደ ኋላ የማይዞር ጥርስ ምቱን ሁሉ ራሱ ስለሚቀበል፣ የብዙዎቹ ትልቁ ጥርስም ናይለን ስለሆነ።

ፕሮግራሙ አጭር ነው። ከሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ዕቃ) የሚመጣው ምልክት ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮ ሰከንድ ይሰፋል፤ 1500 መሐል ነው። ይህን ወደ ፖቴንሺዮሜትሩ ንባብ ቀይሩት። ከ0 እስከ 1023 ካለው ውስጥ 120 ዲግሪ የሚይዘው 400 ያህሉን ስለሆነ ከ310 እስከ 710 ብትሉ መሐሉ 510 ላይ ይወድቃል። በሚፈለገውና በተነበበው መካከል ያለው ልዩነት ከ6 በታች ሲሆን ሞተሩን አቁሙ፤ አለዚያ ቆሞ እያለ ይርገበገባል። ልዩነቱ ከ60 በላይ ከሆነ በሙሉ ጉልበት፣ በመካከል ከሆነ ቀስ እያለ እንዲቀንስ አድርጉ። ሁለት መጠበቂያዎች አይረሱ። የፖቴንሺዮሜትሩ ንባብ ከ50 ከወረደ ወይም ከ970 ካለፈ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ስለሆነ ሞተሩ ይቁም። ከሪሲቨሩ ለ25 ሚሊ ሰከንድ ምልክት ካልመጣም እንዲሁ።

መጀመሪያ ኃይል ስትሰጡ የመሪው ዘንግ ከሞተሩ የተፈታ ይሁን። ሞተሩ የሚፈለገውን ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ወደ አንድ ጥግ ከሸሸ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። ይህን ሳያጣሩ ዘንጉን ያሰሩ ሰዎች ታይሮድ ያጣምማሉ።

ሰሌዳው ላይ 43 አምፔር ይላል፤ አትመኑት። ያ የሚሠራው ሙቀቱን የሚወስድ በቂ አየር ሲኖር ነው። እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። 10 አምፔር ፊውዝ ጀምራችሁ ካልበቃ ብቻ ወደ 15 ውጡ። አርዱዊኖውን በቀጥታ ከ12 ቮልት አትመግቡት፤ ወደ 5 ቮልት በሚያወርድ ሰሌዳ በኩል ይሁን። የሁሉም ኔጌቲቭ አንድ ላይ ይገናኝ።

ከሱሉልታ

ጥያቄ፦ ባለ አራት አክስል ሲኖትራክ እየሠራሁ ነው። ከፊት ያሉት ሁለቱም አክስሎች ይዞራሉ። እኩል ባዞራቸው ሁለተኛው ይጎተታል። ምን ያህል ላሳንሰው?

መልስ፦ መለኪያው የሚጀምረው ከሁለቱ የኋላ አክስሎች መሐል ነው። ከዚያ ነጥብ እስከ መጀመሪያው አክስል 120 ሴ.ሜ፣ እስከ ሁለተኛው 80 ሴ.ሜ ነው እንበል። የሁለቱ ማዕዘን ታንጀንቶች ልክ እንደ ርቀቶቻቸው ይበላለጣሉ። የመጀመሪያው 30 ዲግሪ ሲዞር ታንጀንቱ 0.577 ነው፤ በ80 አባዝተው ለ120 ሲያካፍሉት 0.385፣ ይህም 21 ዲግሪ ነው።

በአንድ ሰርቮ ለመሥራት ቻሲው ላይ በፔርኖ የሚወዛወዝ አንድ ረጅም ክንድ ያድርጉ። ለመጀመሪያው አክስል የሚሄደውን ዘንግ ከፔርኖው 6 ሴ.ሜ ላይ፣ ለሁለተኛው የሚሄደውን 4.2 ሴ.ሜ ላይ ይብሱ። ይህ የሚሠራው በጎማ መዞሪያዎቹ ላይ ያሉት ክንዶች እኩል ከሆኑ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በትንሽ መታጠፍ ወደ 4.0፣ በሙሉ መታጠፍ ወደ 4.3 ይሄዳል፤ 4.2 መካከለኛ ነው። ቀዳዳውን ረዘም አድርገው ቢበሱት በኋላ ቡሎኑን እያንሸራተቱ ያስተካክሉታል።

ሁለት ሰርቮ ካለዎት በአንድ ገመድ ከፍለው ከማገናኘት ይልቅ በሁለት ቻናል ያድርጓቸው፤ የሁለተኛውን ጉዞ ወደ 70 በመቶ ያውርዱ። ባላስትራ ካለው አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ከቻሲው ወደ አክስሉ የሚሄደው ዘንግ ባላስትራው ከታሰረበት ቋሚ ጫፍ ጋር ተመሳሳይ አቅጣጫና የተቀራረበ ርዝመት ይኑረው። አለዚያ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ በአንድ ክብ፣ ዘንጉ በሌላ ክብ ይወርዳሉ፤ መሪውን ማንም ሳይነካው ጎማው ይዞራል።

ከቱሉ ዲምቱ

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ኮብል ስቶን ላይ ቆሜ መሪ ሳዞር ሪሲቨሩ ጠፍቶ ይበራል። ክረምት ሲሆን ደግሞ መሪው እየከበደ ይሄዳል። ሞተሬ የቤንዚን ነው፤ ሰርቮው 60 ኪሎ ነው።

መልስ፦ ሪሲቨሩ የሚጠፋው ከሬዲዮ ችግር ሳይሆን ከረሃብ ነው። እንዲህ ያለ ሰርቮ ሲታገል በርካታ አምፔር ይስባል፤ በሪሲቨሩ ቀጫጭን እግሮች በኩል የሚያልፈው ያን ያህል አይደለም። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ይሞታል፣ ሰርቮው ሲለቅ ይነሣል። ለሰርቮው ለብቻው ባትሪ ወይም 10 አምፔር የሚችል ኃይል መቀነሻ ይስጡት። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የተቻለውን ያህል አጭር ይሁን። ከሪሲቨሩ ወደ ሰርቮው የሚሄደው የምልክቱ ሽቦና ኔጌቲቩ ብቻ ነው፤ ቀዩን ከሶኬቱ ያውጡት። ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ስለሆነ ሰርቮው ላይ እስከ 8.4 መቻሉ ካልተጻፈ በቀጥታ አያገናኙት።

የቤንዚን ሞተሩም የራሱ ጣጣ አለው። ካንዴላው ውስጡ ሬዚስተር ያለው ይሁን፤ ሪሲቨሩን ከካንዴላው ሽቦ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ያርቁት። መሪው የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ እዚህ ነው።

የክረምቱ ነገር ዋልካው ነው። ጥቁሩ አፈር ጎማና ቸርኬ ላይ እየተጋገረ የፊቱን ክብደት ይጨምራል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ከውሃው ጋር ቴስቲናና ፔርኖ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪያ በ5 ሴ.ሜ ርዝመት ቆርጠው በየቴስቲናው ላይ ያልብሱ፤ ውስጡን በግራሶ ሞልተው ሁለቱን ጫፍ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩ። ፔርኖው ላይ የግራሶ መግቢያ ያስበሱ። ከነዱ በኋላ በኃይለኛ ውሃ አይጠቡት፤ ውሃው ጭቃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ጭቃውን በእንጨት ፍቀው፣ በብሩሽ ጠርገው አዲስ ግራሶ ያስገቡ፤ አሮጌው ጠቁሮ እስኪወጣ ድረስ።

ከኮየ ፈጬ

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄና ጓደኞቹ 30 ኪሎ የሚሆን መኪና ሠርተዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላሉ። ሥራቸውን ማቋረጥ አልፈልግም፤ ግን ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ሕፃናት አሉ። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። 30 ኪሎ ዕቃ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሰው ሲመታ ከ3.5 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ ወደቀ ያህል ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን ያ ከፍታ ወደ 40 ሴ.ሜ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሪሞቱ ላይ ፍጥነቱን ይገድቡ፤ ሙሉውን ፍጥነት የሚሞክሩት ሰው በሌለበት ሜዳ ብቻ ይሁን። ግቢው ውስጥ በምንም ፍጥነት አይነዳ።

ቀጥሎ እርስዎ ባሉበት ይህን ያሳዩዎት። መኪናው በሳጥን ላይ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው፣ ነዳጅ ወይም ኃይል ተሰጥቶት እየዞረ ሳለ ሪሞቱን ያጥፉ። ጎማዎቹ ወዲያው ኃይል ማጣት፣ መሪውም ባለበት መቆየት ወይም መሐል መምጣት አለበት። መሽከርከሩ ከቀጠለ ምልክት ሲጠፋ መኪናው ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የሪሲቨሩ ቅንብር አልተሞላም፤ መመሪያው ላይ እንዳለው ሞልተው ደግመው ያሳዩዎት። ከዚህ በተጨማሪ ባትሪውን ወይም የሞተሩን እሳት በቀጥታ የሚቆርጥ ትልቅ ቀይ ማጥፊያ ከኋላ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይኑር።

የመሪው ዳዶዎች በሙሉ ውስጣቸው ናይለን ያለው ዓይነት ይሁኑ፤ ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል፣ መሪ አልባ መኪና ደግሞ ሪሞቱን የያዘው ሰው ምንም ሊያደርገው አይችልም። በየጊዜው ከመውጣታቸው በፊት ኃይሉን አብርተው አንዱን የፊት ጎማ በእጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። የሰርቮው ክንድ ሳይነቃነቅ ጎማው ከ3 ዲግሪ በላይ ከተወዛወዘ የትኛው ቴስቲና ወይም ቡሎን እንደላላ ተፈልጎ እስኪጠብቅ ድረስ ያ መኪና ከቤት አይወጣም።